የወይዘሮ የሺ የመሃል ግድግዳ

ወይዘሮ የሺ ሞተው የተገኙት በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ በገዛ ቤታቸው የመሃል ግድግዳ ሥር ነበር። የደብረ ታቦር ሰው ታቦት ሊያጅብ ወጥቶ መንደሩ ጭር ብሏል። ጎረቤታቸው ፈንታነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤቱ ሲደረመስ ሰማች፤ ሮጣ ስትገባ ከአቧራው መሃል የታየቻት አንዲት እጅ ብቻ ነበረች። ጣቷ ላይ ያለችውን ቀለበት ስታይ ኡኡታዋን አቀለጠችው።

ዋና ሳጅን ሞላ በዚህ ጉዳይ ብዙ አልደከመም። ሟቿ ቤታቸውን ሊያሳድሱ ነበር፤ የመሃል ግድግዳውን የነካኩት ጎረቤታቸው፣ ሽማግሌው አናጢ አያ ባዩ ናቸው፤ ግድግዳው በማግስቱ ወደቀ። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ሞላ ሽማግሌውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አምጥቶ አሰራቸው። እሳቸውም «አዎ፣ እኔ ነኝ የገደልኋት» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። የእምነት ቃል ያገኘ ፖሊስ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ሞላን ግን ደስ አላለውም። ወላጆቹ የሚኖሩበትን ቤት የሠሩት እኚሁ ሰው ናቸው።

እሁድ ጠዋት ኢንስፔክተር አለምወርቅ ከዞን መጣች። አጭር፣ ቀጭን፣ ሰው ሲናገር ዓይኗን የማትነቅል ሴት ናት። ወንበር እንኳ ሳትስብ ፋይሉን ከፈተች።

«መቼ ነው ፍርድ ቤት የሚቀርቡት?»

«ነገ በሦስት ሰዓት። ለዳኛውም ገድያለሁ ነው የሚሉት። ጠበቃ ቢቆምላቸው እንኳ አልፈልግም ብለዋል።»

«ሐኪሙ የጻፈውን አንብበኸዋል?»

«ጭንቅላታቸው ተመትቷል ነው የሚለው።»

«ቀጥሎ ያለውን መስመርስ?»

ሞላ አጎንብሶ አነበበ። «በአፍንጫም ሆነ በጉሮሮ ውስጥ አቧራ አልተገኘም። ታዲያ?»

«ጭቃ ቤት ላይህ ላይ ቢደረመስ ትንፋሽህን ይዘህ ትጠብቃለህ?»

ሞላ መስመሩን ደግሞ አነበበ። ግድግዳው ሲወድቅ ወይዘሮ የሺ አይተነፍሱም ነበር ማለት ነው። አያ ባዩ ደግሞ የዚያን ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ከታቦቱ ሥር ሲዘምሩ መቶ ሰው አይቷቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አሁን የፈሰሰውን መልቀም ሊጀምር ነው።

«እንግዲያው ሄጄ ልንገራቸውና ይፈቱ!»

«የእምነት ቃላቸው ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። በግማሽ ነገር ተስፋ ሰጥቼ ነገ ዳኛ ፊት አላቆማቸውም። መጀመሪያ ገዳዩን እናምጣ።»

አያ ባዩ በእስር ክፍሉ ውስጥ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያዩታል።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ባዩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ተናግሬያለሁ እኮ።»

«ሐሙስ የሠሩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ተነፈሱ። «የሺ ዓይኗ እየደከመ ነበር። ‹ሁለቱን ጨለማ ክፍል አንድ አድርጋችሁ ብርሃን አስገቡልኝ› ነው ያለችው። እኔም ምሰሶው የት እንዳለ ልይ ብዬ የመሃል ግድግዳውን ምርጊት ላጥሁት። ለካስ መሃል ላይ የለም! አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የጥንቱ የጽድ ምሰሶ ሲያረጅባቸው ባሕር ዛፍ አምጥተው ከጎን ተክለው፣ በጭቃ ደፍነውታል። እሱንም እግሩን ምስጥ በልቶታል። የሺ አይታ ሳቀች። ‹ሁለቱም ምሁሮቼ ፕላናቸው ላይ ምሰሶውን መሃል ላይ ነው የሳሉልኝ፤ አንዳቸውም አልደረሱበትም› አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«አግዳሚውን በሁለት ባላ ደገፍሁት። ከየባላው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረግሁ፤ በሽብልቅ አጠበቅሁ። ቅዳሜ እመለሳለሁ አልኋት። በሚካኤል ዕለት መሣሪያ አልነካማ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ባላው ከዳኝ፣ ልጄ። ሃምሳ ዓመት ስሠራ ያልከዳኝ። ከእንግዲህ መጥረቢያ የሚባል አልጨብጥም።»

ሞላ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ሞላ ያሸገውን ቤት ራሱ ከፈተው። ከዓርብ ወዲህ ማንም አልገባበትም፤ ያኔም የገቡት እሱ፣ ፈንታነሽና አስከሬኑን ያወጡ ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። አለምወርቅ ተንበረከከች። ሁለቱ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደተነጠፉ አሉ፤ ላያቸው በቀይ አቧራ ተሸፍኗል።

«ሞላ፣ ምን ታያለህ?»

«አቧራ።»

«እኩል የተነጠፈ አቧራ። ባላው ቆሞባቸው ሳለ ቤቱ ቢደረመስ፣ እግሩ ያረፈበት ቦታ ንጹህ ሆኖ ይቀር ነበር። ባላዎቹ ከአደጋው በፊት ተነስተዋል። ፈልጋቸው።»

ሞላ ከጓሮ ካለው የማገዶ ክምር ላይ አገኛቸው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ሽብልቃቸው ሳይቀር አብሯቸው ተጥሏል። ሲመለስ አለምወርቅ ፍርስራሹን በአካፋ ገለል አድርጋ ምሰሶው የተተከለበትን ጉድጓድ አግኝታ ነበር። ከምሥራቁ ማዕዘን እስከ ጉድጓዱ መሃል በሜትር ለካች፤ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሰባት። ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈችው።

ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንድ የተማሪ ደብተር ወጣ። ወይዘሮ የሺ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ቤታቸውን የሚነድፍላቸውን ሰው ሲመርጡም እንደ ፈተና በቀይ እስክርቢቶ አርመዋል።

«ጓንጉል» ይላል የመጀመሪያው ገጽ። «የሠራቸውን ሦስት ቤቶች ሄጄ አየሁ። ውበት ዘጠኝ። ሴቶቹን ጠየቅሁ፤ ማድ ቤቱን የት እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው የለም። መስማት አራት። ፈቃድና ማኅተም ይጣራ።»

ሁለተኛው፣ «አንዱአምላክ። ጠዋት ጠዋት የት እንደምቀመጥ ሳይቀር ጠየቀኝ። መስማት ዘጠኝ። ልምድ አምስት። ፈቃድና ማኅተም ይጣራ።»

ሦስተኛው፣ «ባዩ። ፕላን አያውቅም፤ ቤቴን ግን ያውቃታል። ንድፍ ሁለት። እጅ አሥር።»

መጨረሻው ላይ፣ «ውሳኔዬን እሁድ አሥር ሰዓት ሁሉም ባሉበት እናገራለሁ» ተብሎ ተጽፏል። ደብተሩ ውስጥ አንድ ፕላን ታጥፎ ተቀምጧል፤ የአንዱአምላክ ነው። ምሰሶውን መሃል ላይ ስሎታል። ሌላ ፕላን ቤቱ ውስጥ የለም።

የወንድማቸው ልጅ ገነት በሐዘን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች። ከሟቿ ጋር ትኖር የነበረችው እሷ ናት፤ ቤቱም የሚተርፈው ለእሷ ነው።

«ቤቱ ታድሶ እንዲቆይ አትፈልጊም ነበር ይባላል።»

«ልዋሽሽ አልችልም። ይፍረስና ጂ ፕላስ ዋን ይሠራ እያልሁ ስጨቀጭቃት ከርሜያለሁ። ረቡዕ ተኳርፈን ነው ይፋግ እናቴ ዘንድ የሄድሁት። ዓርብ ማታ አስከሬኗ ላይ ደረስሁ።» ገነት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ሳንታረቅ!»

«ስለ ባለሙያዎቹ የነገሩሽ ነገር አለ?»

«ባሕር ዳር፣ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ የድሮ ተማሪዋ አለ። የሁለቱንም ማኅተም ቁጥር ሰጥታው ነበር። አክስቴ ሳታጣራ ማርክ አትሰጥም።»

አንዱአምላክ ከደሴ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ዓርብ ከቤቱ እንዳልወጣ ሲናገር ፈንታነሽ ከኋላ ሰማችው።

«ኧረ እመብርሃን! አምስት ሰዓት ላይ ነጠላ ረስቼ ስመለስ በራቸው ላይ አይቼህ የለም እንዴ?»

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ሞላ እጁን ወደ ካቴናው ሰደደ።

«ለእንኳን አደረሰዎ ነው የመጣሁት» አለ አንዱአምላክ እየተንተባተበ። «አንኳኳሁ፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ማንም አልከፈተልኝም፣ ተመለስሁ። ሲሞቱ… ማን ያምነኛል? ለአገሩም እንግዳ ነኝ።»

አለምወርቅ ወደ ፈንታነሽ ዞረች። «አንቺ ስትደርሽ በሩ ተዘግቶ ነበር?»

«ወለል ብሎ ነበር እንጂ! እትዬ የሺ በክብረ በዓል በራቸውን ዘግተው አያውቁም፤ እንግዳ ይመለስብኛል ይላሉ።»

«ካቴናውን መልሰው፣ ሞላ።»

የጓንጉል ቢሮ አስፋልቱ ዳር፣ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው በሕንፃ ሥዕሎች ተሞልቷል። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ጓንጉል ጥቁር ክራባት አድርጎ ተቀበላቸው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ የሺ አስተማሪዬ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለሙያ ሳይዙ ቤት መነካካት መጨረሻው ይኸው ነው! አስጠንቅቄያቸው ነበር። ፕላኑ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ፕላኑን መቼ ሰጧቸው?»

«ረቡዕ ጠዋት።»

«ቤቱ ውስጥ አላገኘነውም።»

«የሆነ ቦታ ጥለውት ይሆናል። ቅጂው እነሆ።» አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋ። ንጹህ ሥራ ነው፤ የረቡዕ ቀን ተጽፎበታል፣ ከግርጌው ማኅተም አርፎበታል። ከምሰሶው አጠገብ በቀይ «አደገኛ፣ አይነካ» ይላል።

«ልኬቱን ራስዎ ነው የወሰዱት?»

«በገዛ ሜትሬ! እኔ የሰው ልኬት አላምንም።»

«ከረቡዕ ወዲህ ቤቱ ገብተዋል?»

«አልገባሁም። ለቀብር ስመጣም ከድንኳኑ አላለፍሁም።»

«በስልክስ ተነጋግራችኋል?»

«በፍጹም። ምነው ተነጋግረን በነበረ!»

አለምወርቅ ወረቀቱን ትንሽ ቆይታ አየችው፤ መዳፏንም አየች። ከዚያ ቅጂውን ተቀብላ፣ አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ሁለት ቦታ ደወለች፤ አንዱ የወይዘሮ የሺ ስልክ ወዳለበት ኤግዚቢት ክፍል፣ አንዱ ባሕር ዳር ነበር። ሞላ ምን እንደሰማች ከፊቷ ላይ ሊያነብ ቢሞክር አልተሳካለትም።

«ሁሉንም ጥራልኝ» አለችው። «አሥር ሰዓት ላይ። እሳቸው በቀጠሩት ሰዓት።»

በአሥር ሰዓት ገነት፣ ፈንታነሽ፣ አንዱአምላክና ጓንጉል በድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። ሞላ መግቢያው ላይ ቆመ። የአያ ባዩ ቦታ ባዶ ነው። ሰዓቱን ሳታሳልፍ አለምወርቅ ጀመረች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ወይዘሮ የሺን ግድግዳው አልገደላቸውም። ሲወድቅባቸው አቧራ አልተነፈሱም፤ ቀድመው ሞተዋል። ግድግዳውም በራሱ አልወደቀም። አያ ባዩ ያቆሟቸው ሁለት ባላዎች ከነሽብልቃቸው ተነስተው ማገዶ ላይ ተጥለዋል። ምስጥ የበላው ምሰሶ ብቻውን ጥቂት ችሎ ተደረመሰ። አምስት ሰዓት ላይ በሩን ከውስጥ የቀረቀረ ሰው ነበር፤ ሰባት ሰዓት ላይ ያ ሰው ወጥቶ ሄዷል። ገዳዩ ወንጀሉን አንድ ሽማግሌ ላይ ደርምሶታል።»

ፈንታነሽ አማተበች። ገነት አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ማን ነው? ገነት ይፋግ ነበረች፤ ለቅሶ ላይ ያሉ እናቷና ጎረቤቶቿ ዛሬ አረጋግጠውልኛል። አንዱአምላክ ዋሽቶኝ ነበር። ግን ገዳይ ቢሆን በሩ ከውስጥ ተዘግቶ ነበር ብሎ አይነግረኝም ነበር፤ ያን ባይናገር ውስጥ ሌላ ሰው እንደነበረ አናውቅም።» ከደብተሩ ውስጥ አንድ ወረቀት፣ ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አውጥታ ጎን ለጎን ዘረጋች። «ይህ የአንዱአምላክ ፕላን ነው። ምሰሶው መሃል ላይ ነው። ተሳስቷል።»

ልጁ አቀረቀረ።

«አይፈር፤ ማንም ቢሆን ይሳሳት ነበር። ምሰሶው በምርጊት ተሸፍኗል። ያለበት ቦታ የታየው ሐሙስ ከሰዓት አያ ባዩ ግድግዳውን ሲልጡት ነው። ዓርብ ተደርምሶ ተቀበረ። ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ በአካፋ ቆፍሬ ነው ጉድጓዱን ያገኘሁት፤ ከማዕዘኑ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሰባት ይርቃል።» ጣቷን በሁለተኛው ወረቀት ላይ አኖረች። «የእርስዎ ፕላን፣ አቶ ጓንጉል፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሰባት ይላል።»

ጓንጉል ፈገግ አለ። «ጥሩ ባለሙያ ስለሆንሁ ልከሰስ ነው?»

«ረቡዕ ማንም ሊያየው የማይችለውን ረቡዕ ስለሳሉት ነው። ወይዘሮ የሺ ሐሙስ ለአያ ባዩ ‹ሁለቱም መሃል ላይ ነው የሳሉልኝ› ብለዋቸዋል። የመጀመሪያው ፕላንዎ እንደ አንዱአምላክ ስህተት ነበረበት። እሱን ከቤቱ ወሰዱት። ይህን አዲሱን የሳሉት ከዓርብ በኋላ ነው።»

«እሳቸው በስልክ ነግረውኝ ይሆናል!»

«በስልክ አልተነጋገርንም ብለውኛል፤ ሞላ ሰምቷል። ልኬቱንም በገዛ ሜትሬ ነው ብለዋል። መነጋገሩንስ ተነጋግራችኋል። ዓርብ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደውለውልዎታል፤ ስልካቸው ላይ አለ። ከዚያ በፊት ለእሳቸው የደወለላቸው ባሕር ዳር ያለው ተማሪያቸው ነው። የአንዱአምላክ ማኅተም ትክክል ነው። የእርስዎ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል።»

ሞላ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ ብሎ ነበር» አለች አለምወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፕላኑን ባያሳዩኝ ኖሮ ምንም አልነበረኝም። ለምን እንደገና ሳሉት? ጥፋቱን አያ ባዩ ላይ ይበልጥ ሊጭኑ አስበው ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ፖሊስ ፊት ስህተት ያለበት ፕላን በስምዎ እንዲቀርብ አልሆንልዎ አለ። ግድግዳው ተልጦ ሲያዩት ለኩት። የሞተች ሴት አጠገብ ቆመው ለኩት!»

ጓንጉል ብድግ አለ። ሞላ ክንዱን ያዘው፤ ሰውየው ግን የሚሸሽ አልነበረም።

«ሃያ ዓመት!» አለ። «ሃያ ዓመት ስሠራ አንድ ቤት ወድቆብኛል? ወረቀት ነው የጎደለኝ፣ ወረቀት! ‹ጓንጉል ልጄ፣ እኔ አላዋርድህም፤ እስከ እሁድ ራስህ ተናገር› አሉኝ። ራስህ ተናገር! ለማን? ቤት ለሠራሁለት ሰው ሁሉ? ፕላኔን ልውሰድ ስል ያዙብኝ። ገፋኋቸው። የባላው ድንጋይ ጠርዝ ላይ ወደቁ። መግደል አላሰብሁም…»

«ባላዎቹን ሲያነሱስ?» አለች አለምወርቅ።

ጓንጉል ዓይኑን ወደተዘረጉት ፕላኖች መለሰ። ገነት ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ልትመታው ያሰበች መሰለ፤ ፈንታነሽ ግን ይዛ አስቀመጠቻት።

ሞላ ወደ እስር ክፍሉ እየሮጠ ነው የደረሰው። በሩን ከፈተው።

«አያ ባዩ፣ ይውጡ! ነፃ ነዎት። ባላዎ አልወደቀም፤ ሰው ነው ያነሳው።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ሰው?»

«ጓንጉል ነው። አምኗል።»

«የሺ ፊደል ያስቆጠረችው ጓንጉል?»

«አዎ።»

ሞላ ደስታ ጠብቆ ነበር። አያ ባዩ ግን ሊነሱ ከሞከሩበት ተመልሰው ተቀመጡ።

«የእኔ እጅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «እንጨት ከዳት ብዬ እችለው ነበር፤ ጥፋቴን ተሸክሜ እሞት ነበር። ይህን ግን እንዴት አድርጌ ልቻለው? ሲመጣ እኮ ደስ ብሏት ነው በሩን የከፈተችለት!»

ከዓርብ ጀምሮ እንባ ያልወጣቸው ሰው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ። ሞላ ጉልበታቸው ሥር ተደፋ።

«ይቅር ይበሉኝ። ሳልጠይቅ አሰርሁዎ።»

«ተነስ፣ ተነስ ልጄ። አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም እጄን ጠርጥሬዋለሁ።» በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ቆይተው፣ ሕፃን ለመጠየቅ እንደሚፈራ ሁሉ፣ በዝግታ ጠየቁት። «ቅዳሜ ስትቀበር ሰው በዝቶላት ነበር?»

ሞላ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሃምሳ ዓመት ጎረቤታቸው የነበሩትን ሰው ከወይዘሮ የሺ ቀብር ያስቀረው እሱ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ፍርድ ቤት ሊመልሰው አይችልም።

«በዝቶ ነበር» አላቸው። «ተማሪዎቻቸው ሁሉ መጥተው ነበር።»

«እኔ አልነበርሁም» አሉ አያ ባዩ።

ሞላ ክንዳቸውን ደግፎ አወጣቸውና ወደ መቃብሩ የሚወስዳቸውን ባጃጅ ጠራ።